ወተት ያመላለስኩባቸው ሃያ ስድስት ቀናት

ይቅርታ ጠይቅ ተብያለሁ። አልጠይቅም። ባለፈው አርብ ከአምልኮ በኋላ ሦስት የኅብረታችን ሽማግሌዎች ጥግ ወስደው አስቀመጡኝ። ሽማግሌ ስላችሁ ሽበት እንዳታስቡ፤ ሁለቱን መኪና መንዳት ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፣ አንደኛው እስከ ዛሬ ማቆም አይችልም። «ጋሽ ታምራት፣ የሰው ቤት ገብቶ አራስ ከአልጋዋ አስነስቶ መውሰድ ምን ይባላል? እህቶች በጣም አዝነዋል» አሉኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ከኅብረታችን አንዲት ልጅ ያለ ቀኗ ወለደች። ሕፃኑ ሆስፒታል፣ መስታወት ሳጥን ውስጥ ነው። እሷን እህቶች እዚህ ዶሃ፣ አል ሂላል ሰፈር አንድ ክፍል አስገብተው፣ መጋረጃ ጋርደው፣ ኤሲውን አጥፍተው፣ ካልሲ አልብሰው፣ ገንፎ በተራ ሊያበሏት የስም ዝርዝር አውጥተዋል። እኔ አንድ ካርቶን ውሃ ላደርስ ገባሁ። ልጅቷ ከትራሷ ቀና ብላ «ጋሼ፣ ልጄን ሄጄ ማየት ይቻል ይሆን?» አለችኝ። ጫማሽን አድርጊ አልኳት። ጥፋቴ ይኸው ነው።

ሆስፒታሉ ስንደርስ ከሕፃናቱ ክፍል በር ላይ ያ የእጅ ማጽጃ ሸተተኝ። አልኮልና ሎሚ የተቀላቀለበት የሚመስል፣ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ። ስንት ዓመት ሙሉ ከዚያ ሽታ ሸሽቻለሁ፤ በኮሮናው ጊዜ ሰው ሁሉ እጁን በእሱ ሲያሽ እኔ ሳሙና በኪሴ ይዤ ነበር የምዞረው። ልጅቷን አስገባኋትና ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። ያ ማቆም የማይችለው ሽማግሌ አርብ ዕለት «ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜዎ ምን እንዲህ ያናድድዎታል?» ብሎ ሲጠይቀኝ ጥርሴን ነክሼ ወጣሁ። መልሱ በአንድ ሻይ የሚያልቅ አይደለም። እስቲ አሁን ቁጭ ብዬ ልመልስለት።

ያን ጊዜ ዶሃ እንዲህ አልነበረችም። ዓመቱን አትጠይቁኝ፤ ሜትሮ የሚባል ነገር በማንም አፍ ያልገባበት፣ ከተማው ሁሉ ተቆፍሮ የሚያድርበት ዘመን ነው። መንገድ የሚነገረው በአደባባይ ነበር፤ ሁለተኛውን ራውንዳባውት ዙር፣ ሦስተኛው ላይ ቀጥ በል፣ አለቀ። ዛሬ አፍርሰው መብራት ተክለውባቸዋል፤ እኔ ግን አሁንም በሌሉት አደባባዮች ነው አቅጣጫ የምናገረው፣ ወጣቶቹም ስልካቸውን እያሳዩ ይስቁብኛል። ፈሪጅ አብዱልአዚዝ የሚባል ሰፈር ውስጥ በአንድ ክፍል ስምንት ወንዶች ነበርን። አልጋው ደርብ ነው፤ ከላይ የተኛው ሲገላበጥ ከታች ያለው አቧራ ይቅማል። መንገዱን ስትሄድ የየቤቱ ኤሲ ውሃ አናትህ ላይ ይንጠባጠባል። ከክፍላችን ሥር ያለው ሱቅ ባለቤት ከህንድ የኬረላ ሰው ነበር፣ ከእኛው «ሰላም ነው ወይ?» ማለት ተምሮ በርበሬያችንን ከሳሙናው ጀርባ ያስቀምጥልናል። ከረክ ሻይ አንድ ሪያል፣ ሻዋርማ ሦስት ሪያል፤ በአምስት ሪያል ሰው ጋብዘህ ደረትህን ነፍተህ ትወጣለህ። አገር ቤት የሚደወለው በሚፋቅ ካርድ ነው። እኔ በመኪና ቁልፍ ነበር የምፍቀው፤ አንዳንዴ ቁጥሩ አብሮ ይፋቅና ካርዱን ይዘህ ታለቅሳለህ። ቢሳካም ግማሹ ደቂቃ «ሃሎ፣ ይሰማል?» ሲባባሉ ነው የሚያልቀው።

አርብ ግን ዓለማችን ነበር። አል ሂላል አንድ አሮጌ ቪላ ነበረ፤ ጠዋት ህንዶቹ፣ ቀትር ላይ ፊሊፒኖዎቹ፣ ከሰዓት እኛ። ድምፅ እንዳይወጣ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለን ነው የምንዘምረው። ኪቦርዱ ሁለት ቁልፉ አይሠራም፤ ተጫዋቹ እየዘለላቸው ስለለመድነው፣ ዛሬ በደህናው ኪቦርድ ያንኑ መዝሙር ስሰማ የተሳሳተ ይመስለኛል። ወንዶቹ ሁላችንም ትከሻው የሰፋ ቡናማ ኮት ነበረን፣ ከአንድ ሱቅ ስለገዛነው። ሴቶቹ ከጥቁሩ አባያ ሥር የአገር ልብስ ለብሰው ይመጡና በሩ ሲዘጋ አባያውን ያወልቃሉ፤ ክፍሉ በአንዴ ነጭ ይሆናል። እስከ ዛሬ ከዚያ የበለጠ የሚያምር ነገር በዶሃ አላየሁም፣ ስንት ፎቅ ሲያቆሙ ግን አይቻለሁ።

የዚያ ቤት እናት እህት አልማዝ ነበረች። የእኔ እኩያ ናት፣ ያኔ አርባ ምናምን። አል ነስር ሰፈር ባለ ሦስት ክፍል አፓርታማ ተከራይታ፣ ከአሠሪዋ ከማዳም ቤት የወጣችም፣ ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ ማለቴ ነው፣ የተበላሸባትም፣ የታመመችም እሷ ዘንድ ነው የምትወድቀው። ክፉ ሰው ነበረች ብዬ ብናገር ምላሴ ይቆረጥ። አዲስ አበባ ሳለች ሰው ቤት ልብስ አጣቢ ነበረች፤ ወልዳ በስምንተኛ ቀኗ ወደ ገንዳው መለሷት፤ ከዚያ ወዲህ ወገቧ ጤና አላገኘም። አንድ ጊዜ ሳህን እያጠበች «በእኔ የደረሰ በአንዲትም ልጅ አይደርስም» ስትል ሰምቻታለሁ። እሷ እጅ የገባች አራስ እንግዲህ ንግሥት ናት። ውሃ አታነሳም፣ ነፋስ አያያትም፣ ክፉ ወሬ አይደርሳትም። እኔም እንደ ሁሉም ሰው «እግዜር ይስጥሽ» ስል ነበር።

ምሕረት የምትባል ልጅ ነበረች። የሴቶች ፀጉር ቤት ነው የምትሠራው፤ ቀጭን፣ ሳቂታ፣ መዝሙር ላይ ዓይኗን ጨፍና ሁልጊዜ አንድ ስንኝ ወደፊት የምትቀድም። ባሏ ዳንኤል ከዶሃ ራቅ ብሎ ሰሜን በኩል የግንባታ ቦታ ጥበቃ ነው፤ ካምፕ ያድራል፣ የሚመጣው አርብ አርብ ብቻ ነው። የተጋቡት በዚያው ቪላ ነበር፤ ሙሽራውን በላውንድሪ ቫን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ያኔ ለአንድ የልብስ ንጽሕና ቤት ነበር የምነዳው፤ ቫኑ ከኋላ የተተኮሰ ቶብ፣ ያ የአረብ ወንዶች ረጅም ነጭ ቀሚስ፣ እንደ መጋረጃ የተሰቀለበት፣ እንፋሎትና ስታርች የሚሸት። ምሕረት ስታረግዝ ኅብረቱ ሁሉ አረገዘ ማለት ይቻላል። ስድስተኛ ወሯ ካለፈ ብዙም ሳይቆይ አንድ ቀን ሥራ ቦታ ራሷን ያዛት፣ ዓይኗ ጨለመባት፣ ወደቀች። ደም ግፊት ነው ተባለ። በቀዶ ሕክምና ሴት ልጅ አወጡ፤ ከአንድ ኪሎ ስኳር የምታንስ ሴት ልጅ።

ምሕረት ራሷ ስንት ቀን በጽኑ ሕሙማን ክፍል ቆየች። ነፍሷ ሲመለስላት፣ ከሆስፒታል በምትወጣበት ቀን፣ እኔና እህት አልማዝ ልንወስዳት ሄድን። ከሕፃናቱ ክፍል አንዲት ነርስ ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች መጣች። አጭር፣ ጠይም፣ የኬረላ ሰው፣ በአረብኛና በእንግሊዝኛ ቅልቅል የምትናገር፤ ሁሉም «ሲስተር» ነበር የሚሏት። «ማማ፣ ከመሄድሽ በፊት ልጅሽን እይ» አለች። እህት አልማዝ መሃል ገባች። ልጇን በቱቦ ተተብትባ ካየቻት ትደነግጣለች፣ የደነገጠች አራስ ደግሞ ወተቷ ይደርቃል፣ ስትጠና ትመጣለች አለች፤ እኔ አስተረጎምኩ። ምሕረት ያን ጊዜ ራሷን ችላ መቆም አልቻለችም፣ የተባለችውን ሁሉ እሺ ነበር የምትለው። ሲስተሯ ባዶውን ወንበር እየገፋች ተመለሰች። አስተርጓሚው እኔ ነኝ እንግዲህ፣ አስታውሱልኝ።

እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው። እኛ ጴንጤዎች ነን። ክታብ ጣልን፣ ጨሌ ጣልን፣ ዓይነ ጥላውን ገሠጽን። ለሴት ልጅ ሰማንያ ቀን ይቆጠራል ሲሉን «እኛ በጸጋ ሥር ነን» እያልን ተከራከርን። አራስ ቤት ግን ከነመጋረጃው፣ ከነካልሲው በበር ሲገባ «ይሄስ?» ያለ አንድ ሰው የለም። አጥንቷ ክፍት ነው፣ ብርድ ይገባታል፣ ምች ይመታታል! አርባ ምናምን ዲግሪ ባለበት ዶሃ፣ ብርድ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኛ ወረቀትም አልያዝንም። አራስ መጠበቅ መልካም ነው፣ እሱን ማን ካደ? ግን ያ ሥርዓት የተሠራው ልጇ ጎኗ ለተኛች እናት ነው። ልጇ ሌላ ሰፈር፣ ሳጥን ውስጥ ብቻዋን ለተኛች እናት ሥርዓት የሠራ አያት የለንም። እኛ ግን ያንኑ አንስተን ጫንባት።

ወተቱን አሳልበን እንላክ ተባለ፤ ሲስተሯ ራሷ ነበረች ወተት በጣም ያስፈልጋል ያለችው። ምሕረት በየሦስት ሰዓቱ በእጅ በምትጨመቅ ማለቢያ ታልባለች። መጀመሪያ ቢጫ፣ ወፍራም፣ ጠብታ ብቻ፤ ኋላ ነጣ፣ በዛ። ጠርሙሷ ላይ ሰዓቱንና «የምሕረት ልጅ» የሚለውን የምትጽፈው ራሷ ናት። ስም አልወጣላትም ነበር፣ ስትረጋ ይወጣላታል ተብሎ፤ ይሄም ሌላው ጉዳችን ነው። ማን ያድርስ ሲባል «እኔ!» አልኩ። አንድ መንገዴ በአል ነስር ያልፋል፣ ሌላው በሆስፒታሉ በኩል። የበረዶ ሳጥን ገዛሁ፣ ሰማያዊ፣ ክዳኑ ነጭ። ከተተኮሱት ቶቦች መሃል አስቀምጬ ጠዋትና ከሰዓት ሃያ ደቂቃ መንገድ እነዳለሁ። አቤት ኩራቴ! አርብ ዕለት በመድረክ ስሜ ተጠርቶ ተጸለየልኝ። አንዲት እህት «የሕይወት መኪና» አለችው ቫኑን። ሲያመሰግኑኝ አንገቴን እደፋለሁ፣ ውስጤ ግን እንደ ጣዎስ ነበር።

በሕፃናቱ ክፍል በር ከወላጅ በቀር ማንም አይገባም። ደወል እጫናለሁ፣ እጄን በዚያ ማጽጃ አሻለሁ፣ በሩ ገርበብ ይላል፣ ሲስተሯ ጠርሙሱን ትቀበለኛለች። ሁልጊዜ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ማማ ዌን?» እናቷ የት አለች? እኔም ሁልጊዜ አንድ መልስ ነበረኝ። «ቡክራ፣ ኢንሻአላህ።» ነገ፣ እግዜር ካለ። እዚህ አገር የኖረ ሰው ይህን ቃል ያውቃል፤ አይሆንም ለማለት ፊት ሲያጣ የሚባል ነገር ነው። ሲስተሯም ታውቀዋለች። በሳምንቱ ትዕግሥቷ አለቀ። «በየቀኑ ኢንሻአላህ፣ በየቀኑ ቡክራ!» አለችና ራሷ ደረቷን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ አስረዳችኝ። ሕፃኗ በእናቷ ደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ መተኛት አለባት፤ ትንፋሿን ታስተካክላለች፣ ትሞቃለች፣ ድምፅ ትሰማለች፤ ወተት ብቻ አይበቃም። ሌሎቹ እናቶች ቀኑን ሙሉ እዚህ ናቸው አለችኝ። ስልክ ብደውል የአባቷ አይነሳም፣ የእናቷ ዝግ ነው አለችኝ። የዳንኤል ስልክ ሥራ ሰዓት ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል፤ የምሕረትን እህት አልማዝ ወስዳ ዘግታዋለች፣ አራስ ስልክ አታወራም ብላ።

እኔ ይህን ይዤ ወደ አል ነስር ተመለስኩ። ኩሽና ውስጥ ለእህት አልማዝ ነገርኳት። እጇን በማብሰያው ጨርቅ እየጠረገች «እነሱ የሌላ አገር ሰዎች ናቸው፣ በሦስተኛው ቀን ሥራ የሚገቡ። ቀዶ ሕክምና ናት፣ ስፌቷ ቢፈታ ሲስተሯ ትሰፋልናለች?» አለችኝ። እውነት አስመሰለችው፤ ወይስ እኔ እውነት እንዲሆን ፈለግሁ? እናቷ ራሷ የምትሄድ ከሆነ እኔ ማን ነኝ? ባዶ ሳጥን የያዘ ሹፌር። ይህን ያን ቀን አላሰብኩም እላለሁ፤ ግን አስቤው ነበር መሰለኝ። ብቻ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

ምሕረት ዝም ያለች እንዳይመስላችሁ። በየቀኑ ትጠይቃለች። ልሂድ ትላለች፣ ታለቅሳለች። እህት አልማዝ ሆስፒታሉ እናት አያስገባም፣ ጀርም ይፈራሉ፣ በመስታወት ብቻ ነው የሚታየው፣ አንድ ኪሎ ተኩል ስትሞላ ይጠሩናል ብላ ነገረቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ እኔም «አዎ፣ በመስታወት ነው» አልኩ። ዳንኤልም አርብ መጥቶ በሩ ላይ ፈርሞ፣ ትንሽ ቆሞ አይቷት፣ ፊቱ አመድ መስሎ ተመልሶ «ደህና ናት» አላት። አራስ አትደንግጥ ተብሎ ተመክሮ ነዋ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የሚለውን ተረት ሁላችንም ስናውቀው!

ምሕረት እኔን ነው የምትጠብቀው። ሳጥኑን ባዶውን ይዤ ስመለስ ከአልጋዋ ሆና «ጋሼ፣ ዛሬ እንዴት ናት?» ትላለች። በመስታወት አያታለሁ ብያለሁ፣ ምን ልበል? መጀመሪያ «ደህና ናት» ብቻ ነበር። አልበቃትም። ዓይኗ አፌ ላይ ነው። ስለዚህ ጨመርኩ። ዛሬ እጇን አወዛወዘች አልኩ። ዛሬ አዛጋች አልኩ። ማንን ትመስላለች ስትለኝ ግንባሯ ያንቺ ነው፣ አገጯ የዳንኤል አልኩ። ፀጉሯስ ስትለኝ ጥቁር ነው፣ ብዙ ነው፣ ዞማ ነው አልኩ። እሷም በሳቅ ትራሱን አቅፋ «የእናቴ ፀጉር ነው» አለች። የዚያን ቀን የሳቀችው ሳቅ ወደ ቫኑ እየወረድኩ እንኳ አብሮኝ ነበር፤ ደግ ሥራ የሠራሁ መሰለኝ! ከዚያ በኋላማ በየቀኑ አንድ አዲስ ነገር እያዘጋጀሁ ነው ደረጃውን የምወጣው። ከበሩ ገርበብታ ያለፈ አንድ ነገር በዓይኔ አይቼ አላውቅም።

በሦስተኛው ሳምንት ወተቱ ቀነሰ። የጠርሙሱ ግማሽ የነበረው ሩብ ሆነ፣ ኋላም ታች ብቻ የሚሸፍን። ሲስተሯ ጠርሙሱን ወደ መብራት አንስታ አየችና ልጇን የማታይ እናት ወተቷ እንዲህ ነው የሚሆነው አለችኝ። እኛ ምን አደረግን? ገንፎ ጨመርን። አጥሚት ጨመርን። ከአገር ቤት በሰው በሰው የመጣ ቅቤ ተፈልጎ እስከ ዋክራ ከተማ ድረስ ሄጄ አመጣሁ። የጎደላት ልጇ ነበረች፣ እኛ ቅቤ እናስልሳታለን። ባለፈው ያችን ልጅ ሳስገባ በበሩ መስታወት አየሁት፣ ዛሬ በየአልጋው አጠገብ ወደ ኋላ የሚንጋለል ወንበር አለ፤ እናቶች ልጆቻቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ያኔስ? ያኔም ወንበር ነበር። ሲስተሯ ነግራኝ ነበር፣ ከሕፃኗ አጠገብ ማንም ሳይቀመጥበት ስለሚውለው ወንበር።

በሃያ ስድስተኛው ቀን ከሰዓት ደወሉን ተጫንኩ። ሲስተሯ ወጣች። ጠርሙሱን ዘረጋሁላት፣ አልተቀበለችኝም። የአፍ መሸፈኛዋን ወደ አገጯ አወረደች፤ ፊቷን ሙሉውን ያየሁት ያን ቀን ነው። የሕፃኗ ሆድ ተመርዟል፣ መመገብ ከጠዋት ጀምሮ ቆሟል፣ ሐኪሞቹ የሚችሉትን አድርገዋል አለችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ እንዳይጠፋኝ ቃል በቃል «ወተት ኸላስ፣ አበቃ። አሁን ማማ አምጣ። ዛሬ። አሁን» አለችኝ። ቡክራ የሚለው ቃል አፌ ላይ መጥቶ ደርቆ ቀረ።

አል ነስር ስደርስ ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። እህት አልማዝን በሩ ላይ አገኘኋትና በሹክሹክታ ነገርኳት። ግድግዳውን ተደገፈች። እንባዋ ወረደ፣ የምር ነው ያዘነችው። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ምን እንዳለች ልንገራችሁ።

«አሁን አይነገራትም። ሽማግሌዎቹን እጠራለሁ፤ ነገ በማለዳ፣ እህል ሳትቀምስ፣ ከበን እንነግራታለን።»

«እህት አልማዝ፣ መርዶ የሚነገረው ለሞተ ሰው ነው» አልኳት። «ልጅቷ በሕይወት አለች።»

ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሯል። በዚያ ቤት ድምፅ ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር። የውስጡ በር ተከፈተና ምሕረት በካልሲዋ ብቅ አለች። ማንንም አልጠየቀችም። እህት አልማዝ ልትይዛት እጇን ዘረጋች፤ ምሕረት በእጇ ሥር ሾልካ አለፈች፣ ጫማም አላደረገች። እህት አልማዝ ጫማዋን ይዛ እስከ ምድር ቤት ተከተለችን፤ በቫኑ መስኮት አቀበለችኝ።

መንገዱ ተቆፍሮ ነበር፣ እንደ ሁልጊዜው። ሃያ ደቂቃው አርባ ሆነ። ከኋላዬ ቶቦቹ እየተወዛወዙ፣ ምሕረት አጠገቤ ተቀምጣ እጇን ዳሽቦርዱ ላይ አድርጋ። እኔ ታዲያ ያን ሰዓት ምን እንዳደረግሁ ታውቃላችሁ? ኤሲውን አጠፋሁ። ብርድ እንዳይገባት! በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ሰዓት እንኳ እጄ ሄዶ ኤሲ አጠፋ። እሷ ናት መልሳ ያበራችው።

ሲስተሯ በሩ ላይ ትጠብቀን ነበር። ምሕረትን ክንዷን ይዛ አስገባቻት፣ እጇን አስታጠበቻት። በሩ ሲዘጋ እኔ ውጭ ቀረሁ። በሩ ላይ ጠባብ መስታወት አለ፤ ያን ቀን ከፊቱ ሄጄ ቆምኩ፣ የከለከለኝም የለም። ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ሲያነሱ አየሁ። ምሕረት ወንበሩ ላይ ሆና ቀሚሷን ከፈተች፣ ሲስተሯ ያችን ልጅ ደረቷ ላይ አስተኛችላት፣ ከላይ ነጭ ጨርቅ ደረበች። ከዚያ በኋላ የምሕረት ጀርባ ብቻ ነው የሚታየኝ። ትዘምር ነበር መሰለኝ፣ ትከሻዋ በዜማ ነው የሚሄደው። የመግሪብ አዛን፣ የምሽቱ የሶላት ጥሪ፣ እስኪሰማ ድረስ ቆየች፤ ሕፃኗ ማለቴ ነው። ዳንኤል ከሰሜን ሲደርስ አልቆ ነበር።

ቀብሩ በማግስቱ ሆነ። አራስ መቃብር አትሄድም ያለ ሰው ነበር፤ ማን እንደሆነ አልናገርም፣ ዛሬ በሕይወት የለም። ምሕረት ሄደች። በጣም ትንሽ ሳጥን ነበረች፣ ዳንኤል ብቻውን በክንዱ ተሸከማት። ስሟንም እዚያው ነገረችን፣ ሐና አለቻት። ጨርሰን ስንመለስ ዳንኤልን ወንዶቹ በሌላ መኪና ወሰዱት። እህት አልማዝ ለምሕረት የመኪና በር ከፍታ ቆማ ነበር፤ ምሕረት አልፋት መጥታ ቫኔ ውስጥ ገባች። ደስ አለኝ ልበል? አዎ፣ ለአንድ አፍታ ደስ ብሎኝ ነበር፣ እኔን መረጠችኝ ብዬ።

የመጀመሪያውን አደባባይ ዞርን።

«እዚያ ውስጥ እናቶች ነበሩ» አለች ከዚያ። «አራት እናቶች። ልጆቻቸውን አቅፈው።»

ማርሽ ቀየርኩ።

«ጋሼ፣ ፀጉር አልነበራትም። ጥቁር ነው፣ ዞማ ነው ብለውኝ ነበር። ምንም ፀጉር አልነበራትም።»

እዚያ ላይ መዋሸት አይቻልም። ቫኑን ዳር ይዤ አቆምኩ። «አይቻት አላውቅም ልጄ» አልኳት። «ከበር ነው የምመለሰው።»

ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትቆጣኝ ጥሩ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ እኔ የምቆጣው ቁጣ ሁሉ የእሷ ምትክ ነው። አልተቆጣችም። ወደ እኔ ዞረች።

«እንግዲያ ማን ነበር አብሯት?»

«ሲስተሯ» አልኩ። «ያችኛዋ፣ ያስገባችሽ። እሷ ነበረች።»

«ስሟ ማን ነው?» አለችኝ ምሕረት። ሃያ ስድስት ቀን፣ በቀን ሁለት ጊዜ በዚያ በር ቆሜያለሁ፤ ስሟን ጠይቄያት አላውቅም።